ሻንጣውን መጀመሪያ ገልብጠሽ እዪው

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። «የሆስተስ ስልጠና ጨርሼ በረራ ልጀምር ነው፤ አክስቴ በቅርቡ ከአሜሪካ ትመጣለች፤ ምን ዓይነት የእጅ ሻንጣ ታምጣልኝ? ባለ አራት ጎማ ይሻላል ባለ ሁለት? ጠንካራው ነው ጨርቁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር የመለሱልሽ አብዛኞቹ የሻንጣ ስም ጠርተውልሽ አልፈዋል። ስም ብቻውን ምንም አያደርግልሽም። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስሙ የገነነ ሻንጣ እጄ ላይ ተሰብሯል፤ ዋስትና አለው ብለው የሸጡልኝም ሰዎች ባዶ እጄን መልሰውኛል። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

ስለ መጠን ስልጠና ላይ ነግረውሻል፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሱቅ ውስጥ የሚለጠፈው ቁጥር አንዳንዴ የሻንጣውን አካል ብቻ እንጂ ጎማውንና እጀታውን አይጨምርም። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች 56 በ36 በ23 ሴንቲ ሜትር የሚሉት ግን ከነጎማው ከነእጀታው ነው። አክስትሽ ሜትር ይዛ ከመሬት ጀምራ ትለካው።

1. ጎማው

ሁለት ጎማ ያለውን ውሰጂ። ባለ አራት ጎማው ኤርፖርት ውስጥ እንደሚያምር አውቃለሁ። ለስላሳ ወለል ላይ በአንድ ጣት ይሄዳል፣ እጅ አያደክምም። ተሳፋሪ ብትሆኚ እሱኑ ግዢ እልሽ ነበር። ተሳፋሪ በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚጎትተውን አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ትጎትቺዋለሽ። ክሩን፣ ማለትም እኛን የበረራ ሠራተኞቹን፣ የሚያመላልሰው ባስ ሹፌር ፍሬን ሲይዝ ባለ አራት ጎማው ባለበት አይቆምም፣ ተንሸራቶ የሰው እግር ይመታል። ወደ አውሮፕላኑ የሚያስገባው ድልድይም ብዙ ጊዜ ተዳፋት ነው። እዚያ ላይ ለአፍታ ከለቀቅሽው አመለጠሽ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ የራሳችን ሰፈር አለ። ሰርቪሱ አስፋልቱ ዳር ያወርድሻል። ከዚያ እስከ ኮንዶሚኒየምሽ በር ኮብልስቶን ነው፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። የባለ አራቱ ትንንሽ ጎማዎች ድንጋዩ መሃል ይገባሉ። ክብደቱ በሙሉ ጎማው የሚዞርባት ቀጭን ዘንግ ላይ ያርፋል። አንዷ ከታጠፈች አለቀ፤ ሦስቱ ደህና ቢሆኑም ሻንጣው ቀጥ ብሎ አይሄድልሽም። የባለ ሁለቱ ጎማ ግን ወፈር ያለ ነው፣ ግማሹ ሻንጣው ውስጥ ገብቷል፣ የሚታጠፍ ነገር የለውም።

አንዷ እህት «ባለ ሁለት ጎማ ጊዜው አልፎበታል» ብላ ጽፋልሻለች። አልስማማም። ይህ ሻንጣ ከጥንቱም ለእኛ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ቦብ ፕላት የሚባል፣ ኖርዝዌስት በተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የቦይንግ 747 አውሮፕላን አብራሪ ሻንጣውን አቁሞ ሁለት ጎማና ተስቦ የሚወጣ እጀታ ገጠመለት። መጀመሪያ የሸጠው ለሥራ ባልደረቦቹ ነው። ተሳፋሪው ክሩ ሲጎትተው አይቶ ነው «እኔም» ያለው። ትራቭልፕሮ የሚባለው ኩባንያ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ብዙ አብራሪ ሁለት ጎማ ሲጎትት ታያለሽ።

2. ጎማው በምን እንደተያዘ

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ብትረሺ ይህቺን እንዳትረሺ። ሻንጣውን ገልብጪና ጎማው ሥር እዪ። ብሎን ካለው፣ ማለትም በካቻቢቴ ወይም በአለን ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ ጥሩ ነው። ክብ፣ ለስላሳ፣ መፍቻ የማያስገባ የሪቬት (ተመትቶ የተጣበቀ፣ የማይፈታ ሚስማር) ራስ ካየሽ ተይው። ጎማ ያልቃል፣ የማያልቅ ጎማ የለም። ጥያቄው ሲያልቅ ትቀይሪዋለሽ ወይስ ሻንጣውን ሙሉ ትጥይዋለሽ የሚለው ነው።

እንዴት እንዳወቅኩት ልንገርሽ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ ትልቅ ሞል ውስጥ ካለ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሻጩ የክሩ ቅናሽ እንዳለ ነገረኝ፤ መታወቂያዬን ጠየቀኝ፣ አየው፣ ቀነሰልኝ። ደረሰኙ ላይም «የክሩ ቅናሽ» ተብሎ ታተመ። «የብዙ ዓመት ዋስትና አለው፣ ምንም አታስቢ» አለኝ። አመንኩት። የሻንጣው ስም ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌይኦቨር (በሁለት በረራ መሃል ውጭ አገር የምናርፍበትን ጊዜ) ጨርሰን ከሆቴል ስንወጣ የቀኝ ጎማው ላስቲክ ከመሃሉ ፕላስቲክ ተላቀቀና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ፕላስቲኩ ራቁቱን ወለሉን እየፋቀ ያን ረጅም ተርሚናል አቋረጥኩ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ይዞር ነበር። ዩኒፎርም ለብሰሽ፣ ፀጉርሽን አስይዘሽ፣ ከኋላሽ እንዲያ የሚጮህ ነገር ስትጎትቺ ምን እንደሚሰማ ይገባሻል።

ሱቁ ሄድኩ። ደረሰኝ ይዣለሁ፣ የዋስትናውን ወረቀት ይዣለሁ። ያው ሻጭ ወረቀቱን ገለበጠና ከታች ያለች ትንሽ መስመር በጣቱ አሳየኝ። ዋስትናው ለሥራ የሚውል ሻንጣን አይመለከትም ትላለች። «አንቺ ክሩ ነሽ። ለግል ጉዞ አይደለም የተጠቀምሽበት» አለኝ። ሲሸጥልኝ መታወቂያዬን አይቶ ነው የቀነሰው፤ ሲከለክለኝም በዚያው መታወቂያ ነው! ይሄን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ አልኩት። መጣ። ሻንጣውን ዝቅ ብሎ እንኳ አላየውም፤ ስልኩን እየነካካ «ደንቡ ነው» አለኝ። «እንግዲያው ክሩ መሆኔን እያወቃችሁ እንደሸጣችሁልኝ፣ አሁን ደግሞ በዚያው ምክንያት እንደከለከላችሁኝ ጽፋችሁ ስጡኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ከቦታዬም አልተነቃነቅኩም። ሰልፍ የያዘ ሰው መስማት ሲጀምር ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ።

ያንን ወረቀትና ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ለሻንጣው ሠሪ ኩባንያ ላክሁ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የመጣልኝ መልስ፣ በዚያው ሱቅ የሚሠራ የቅናሽ ኩፖን ነው። አልተቀበልኩትም። ገንዘቤ እዚያ ሱቅ ተመልሶ እንዳይገባ ወስኛለሁ፤ አልገባምም።

ሻንጣውን ግን አልጣልኩትም። አዲስ አበባ ይዤው መጣሁና መርካቶ ሻንጣ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ወሰድኩት። ገለበጡት፣ ሪቬቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ እንዳይፈታ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ግን ይፈታል» አሉኝ። በትራፓኖ ሪቬቱን በስተው አወጡት፣ በቦታው ብሎን ከነሮንዴላው አስገቡ፣ ከልጆች ስኬት ጫማ የወጣ ጎማ ገጠሙ። ከዚያ ጎማውን በጣታቸው መቱት። ብዙ ዞረ፣ ድምፅ የለውም። ኩሽኔታውን አሳዩኝ፤ ጎኑ ላይ 608 የሚል ተቀርጿል። የመሃል ቀዳዳው 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ስኬት ጫማ በሚሸጥበት አገር ሁሉ ይገኛል። የግራውንም አስቀየርኩት። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምበረው። ያ ሥራ አስኪያጅ ዝቅ ብሎ ያላየውን እሳቸው ቁጭ ብለው አይተው ሠሩት።

ስለዚህ አክስትሽ ሱቅ ስትገባ ሁለት ነገር ትጠይቅ። አንደኛ፣ ዋስትናው ክሩን ያካትታል? ካካተተ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላት፣ በአፍ የተነገረ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ ጎማ ለብቻው ይሸጣል? ትራቭልፕሮ ፍላይትክሩ የሚል ለሥራው የተለየ መስመር አለው። ላጌጅ ወርክስ የሚባሉትም ለክሩ ብለው የሚሠሩ ናቸው፤ አጽሙ ብረት ነው፣ ይከብዳል፣ ግን እየተጠገነ ይኖራል። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ የምትኖሪ ከሆነ ክብደቱን አስቢበት። የትኛውንም ብትመርጪ አንድ ጥንድ ትርፍ ጎማ አብራ ትያዝልሽ። ቦታ አይፈጅም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ እዚህ ከውጭ የገባ ሻንጣ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ በእሷ ማስመጣትሽ ትክክል ነው።

3. እጀታው

ሙሉ በሙሉ ሳቢውና ነቅንቂው። ትንሽ መወዛወዝ አለው፣ እሱ ችግር የለውም። የሚንቋቋ ከሆነ ግን ተይው። የውስጡን ገበር ዚፕ ክፈቺና የእጀታው ቱቦ በብሎን መታሰሩን እዪ። የገበር ዚፕ ከሌለው እጀታው ሲበላሽ ገበሩን መቅደድ ግድ ነው። ከፊት ለፊቱ ሁለተኛ ቦርሳ የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ፤ አንዱ እጅሽ ነፃ ይሆናል።

4. ጨርቅ

ጨርቁን ውሰጂ። 1680 ዴኒየር ባሊስቲክ ናይሎን (በወፍራም ክር የተሸመነ ናይሎን ማለት ነው) የሚል ካለበት አትጠራጠሪ። ጠንካራው ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚከፈተው፣ የሆቴል ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ሙሉ አልጋ ይፈልጋል። ፓስፖርትና መታወቂያ ቶሎ የምታወጪበት የውጭ ኪስም ብዙ ጊዜ የለውም። ጨርቁ ግን ቦታ ሲጠብ ትንሽ እሺ ይላል።

ስለ ዚፕ አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። አብዛኛው የሻንጣ ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ይከፈታል፤ ከዚያ የዚፑን መሳቢያ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ይዘጋል። ስለዚህ ሻንጣሽን ሎቢ ላይ ለማንም ጥለሽ አትሂጂ። ዘመድም ሆነ የዘመድ ጓደኛ «ይህቺን ብቻ አድርሺልኝ» ሲል አትቀበዪ። ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። ይቀየሙሽ። ፖሊስ ፊት ሻንጣው የማን ነው ሲባል የአንቺ ነው።

ፈሳሽ ነገር ስትይዢ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ሲበርም የውስጡ የአየር ግፊት 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለውን ያህል እስኪሆን ይቀንሳል። ዱባይ ላይ ጥብቅ አድርገሽ የዘጋሽው ሻምፖ እዚህ ስትከፍቺው ይፈናጠራል፣ አንዳንዴም ራሱ ይፈስሳል። በርበሬ ከያዝሽ በሁለት ላስቲክ ቋጥሪና ከነጭ ሸሚዝሽ አርቂው።

አክስትሽ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ባትሪ ያለበትን ሻንጣ አይታ እንዳትማረክ ንገሪያት። ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ባትሪው የማይወጣ ሻንጣ አንቀበልም ብለዋል። ፓወር ባንክም አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ከሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም፤ እጅሽ ላይ ነው የሚሆነው።

ቀለሙን በተመለከተ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤትሽን ደንብ ጠይቂ። አብዛኛው ቦታ ጥቁር ነው፣ ክሩ ባስ ውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላል። እጀታው ላይ ደማቅ ክር እሰሪበት። ታጉ ላይ ስምና ስልክ ይበቃል፣ የቤት አድራሻ አትጻፊ።

አክስትሽ ከመክፈሏ በፊት የሻንጣውን ሥር ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፣ አንቺ ደግሞ እዚሁ ለጥፊው። ብሎን ይሁን ሪቬት አይቼ እነግርሻለሁ። ዛሬ ማታ በረራ አለኝ፣ ነገ ስወርድ እመልስልሻለሁ።