ውሻዬ ምጥ ቢጠናባትስ?

ጥያቄ፦ ውሻዬ ልትወልድ ደርሳለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ጎረቤቴ «ውሻ ራሷ ትወልዳለች፣ ተዋት» ይሉኛል። ምጡ እንደከበዳት በምን ልወቅ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ጎረቤትዎ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። እርስዎ ግን ሰዓት ይያዙ። አጥብቃ እያማጠች እስከ 30 ደቂቃ ምንም ካልወጣ፣ ወይም አንዱን ወልዳ ሌላ ቡችላ ሆዷ ውስጥ እያለ 2 ሰዓት ካለፈ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ሐኪም ጋ ይውሰዷት። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ካዩም እንዲሁ፣ የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነውና። በኋላ እግሩ የሚመጣ ቡችላ ግን አያስደንግጥዎ፣ ውሻ ላይ የተለመደ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን በፊንጢጣ ይለኩ። ወደ 37 ዲግሪ ከወረደ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራታል።

አደራ፣ የምጥ መርፌ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይወጓት! መውጫው በቡችላ ተዘግቶ ከሆነ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው እናንተ ዘንድ ባለሙያ አይጠፋም፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሐኪምና ከአዘዞ የሚያወጣዎት ባጃጅ ግን ዛሬውኑ ያነጋግሩ።