በሞባይል ኔትወርክ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት ፍጥነት ብቻ አይደለም

የሞባይል ኔትወርክ ትውልዶች (2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ የሚባሉት) የሚለያዩት በፍጥነት ብቻ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ መልሴ አይደለም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በቶኪዮ አገልግሎት የጀመረው የመጀመሪያው ትውልድ ድምፅን ወደ ቁጥር ሳይለውጥ በአናሎግ ሞገድ ያስተላልፍ ስለነበር፣ ተስማሚ መቀበያ ያለው ሰው ሁሉ የሌሎችን ንግግር ጠልፎ ማዳመጥ ይችል ነበር። በ1991 በፊንላንድ የተጀመረው ሁለተኛው ትውልድ ግን ድምፅን ወደ ዲጂታል ቁጥሮች ለውጦ፣ በምስጢራዊ ኮድ ሸፍኖ መላክ ጀመረ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚልቀው ለውጥ ይህ ነው፤ ድምፅ አንዴ ቁጥር ከሆነ በኋላ ከጽሑፍም ሆነ ከምስል ጋር በአንድ መንገድ መጓዝ ይችላልና። እስከ 160 ፊደላት የሚይዘው አጭር የጽሑፍ መልእክትም (በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል) የዚሁ ትውልድ ፍሬ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ በዋናነት ኢንተርኔትን አፋጠነ። በ2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ ሥራ የጀመረው አራተኛው ትውልድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥሪ ይያዝ የነበረውን የተለየ መስመር አስቀርቶ፣ ድምፅን ጨምሮ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ፓኬት (በትናንሽ የመረጃ ጥቅሎች) እንዲጓዝ ተደርጎ የተነደፈ ነው። ስልክዎ ጥሪ ሲመጣ ወደ ቀድሞው ትውልድ የሚወርድ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቮልቲኢ (VoLTE) የተባለው፣ ጥሪን በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚያስተላልፈው የድምፅ አገልግሎት በስልኩ ወይም በኔትወርኩ ላይ አለመከፈቱ ነው።