ስለ ውሃ ሮኬት ማስወንጨፊያ ቀን፣ ከደሴ ለጠየቁን መምህርት

ከደሴ የጻፉልን መምህርት የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው። የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ ልጆች ሮኬት በገዛ እጃቸው ሠርተው አንድ ቀን ተሰብስበው እንዲያስወነጭፉ ይፈልጋሉ። ከልጆቹ መካከል ባሩድ ወይም የክብሪት ራስ እንጠቀም የሚሉ አሉ። በውሃና በአየር ግፊት የሞከሯቸው ሁለት ሮኬቶች ደግሞ ጥቂት ሜትር እንደወጡ ተገልብጠው መሬት ላይ ተንደባልለዋል። ጥፋታችን ምኑ ላይ ነው፣ ቦታውስ የት ይሁን፣ ከፍታውን በምን እንለካ ብለዋል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የቦይለር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች የሳይንስ ክበብ አግዛለሁ። እስካሁን አምስት የማስወንጨፊያ ቀኖች ስላዘጋጀን ከዚያ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ የባሩዱን ነገር እንጨርሰው፤ እባክዎ ፈጽሞ አይፍቀዱ። ልጆቹ በስልካቸው የሚያዩት የውጭ አገር ክበብ አካሉን በቤት ይሥራው እንጂ ሞተሩን በቤት አይሠራውም። የዚህ ልማድ መነሻም ራሱ ጉዳት ነው፤ በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ፣ በተለይ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በ1957 ከመጠቀች በኋላ፣ ነዳጅ በቤታቸው የሚያዋህዱ ወጣቶች እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ነበር። ኦርቪል ካርላይል የተባለ የጫማ ነጋዴና ሃሪ ስታይን የተባለ መሐንዲስ በፋብሪካ የተዘጋጀ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ሞተርን፣ ከርቀት በኤሌክትሪክ መለኮስንና የጥንቃቄ ደንብን ያስፋፉት ይህን አደጋ ለማስቀረት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር እኔ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቅ አይቼ አላውቅም። እሱ ከሌለ ቀሪው መንገድ ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ለልጅ የሚያንስ ትምህርት አይደለም። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በእሳትም በውሃም ያው ነው፤ ወደ ኋላ የተወረወረው ነገር አካሉን ወደ ፊት ይገፋዋል። አንድ ሁለት ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ በ4 ባር ግፊት ሲለቀቅ ውሃው በአፉ በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል፤ በ22 ሚሊ ሜትር አፍ በኩል የሚፈጠረው የመግፋት ኃይልም ሠላሳ ኪሎ ከሚከብድ ሸክም ጋር የሚስተካከል ነው። ይህን ቁጥር ልጆቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ሲደርሱበት ስለ ባሩድ የሚያነሣ አይኖርም።

አሁን ወደተገለበጡት ሮኬቶች ልምጣ፤ የጥያቄዎ ዋና ነገር እሱ ስለሆነ። እኛም በመጀመሪያው ቀን ካስወነጨፍናቸው ሰባት ውስጥ አምስቱ እንደዚያ ሆነውብናል፤ እኔም እንደ ብዙ ሰው ግፊቱ ያነሰ መስሎኝ ፓምፑን ጨመርሁበት። የባሰ ተንደባለለ። ነገሩ የሚዛን እንጂ የጉልበት አልነበረም። ማንኛውም ሮኬት ሁለት ነጥቦች አሉት፤ አንዱ ክብደቱ የተሰበሰበበት፣ ሁለተኛው በበረራ ላይ ከጎን የሚመታው አየር ኃይል የተሰበሰበበት ነው። ክብደቱ ከፊት፣ የአየሩ ከኋላ ከሆነ ሮኬቱ አፍንጫውን ሲያዘነብል አየሩ ጅራቱን ገፍቶ ያቀናዋል፤ ከተገላበጡ ግን ያው አየር ትንሿን ማዘንበል አሳድጎ ይገለብጠዋል። ቀስት ጫፉ ላይ ብረት፣ ጅራቱ ላይ ላባ የሚደረግለት ለዚሁ ነው። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ፊቱ ምንም አይመዝንም፤ ልጆች ክንፉን ለማሳመር በወፍራም ካርቶንና በብዙ ስኮች ሲያከብዱት ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት የእርስዎዎቹም ሦስት ትላልቅ የኮምፔንሳቶ ክንፍ ነበራቸው፤ ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሳያስወነጭፉ ማወቅ ይቻላል። የተጠናቀቀውን ሮኬት ውሃ ሳይጨምሩ በጣትዎ ላይ አመዛዝነው ሚዛን የጠበቀበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ የክብደት ማዕከሉ ያ ነው። ውሃው በአንድ ሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ውስጥ ስለሚያልቅ ሮኬቱ አብዛኛውን በረራ የሚበረው ባዶውን ነው፤ ስለዚህ ባዶውን መመዘን ትክክል ነው። ቀጥሎ የሮኬቱን የጎን ቅርጽ ክንፉን ጨምሮ በካርቶን ላይ ነድፈው ይቁረጡት፤ ካርቶኑ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን የሚጠብቅበት ቦታ የአየሩን ማዕከል በግምት ያሳይዎታል። የክብደቱ ምልክት ከካርቶኑ ምልክት ቢያንስ አንድ የጠርሙስ ወርድ፣ ማለትም 11 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ አፍንጫው ቀድሞ መገኘት አለበት። ካልቀደመ በአፍንጫው ውስጥ አሸዋ በፌስታል ቋጥሮ መጨመር ነው፤ ጠጠርና ብረት ግን አይደረግም፤ አፍንጫውም ከላይ በስፖንጅ ይሸፈናል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የወንጭፍ ሙከራ ነው፤ በእኛ ክበብ ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሲባጎ በክብደት ማዕከሉ ላይ ጠምጥመው በስኮች ካጣበቁ በኋላ ሮኬቱን ከራስ በላይ ያሽከረክሩታል። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ጥሩ ይበርራል፤ በጎኑ ወይም በጅራቱ ከዞረ በሰማይም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ሙከራ ከእኔ በተሻለ የሚሠሩት የማሽላ ማሳ ሲጠብቁ ወንጭፍ ያሽከረከሩ የገጠር ልጆች ናቸው፤ እጃቸው ዙሩን ሳያዛባ ይዞ ይቆያል። ሮኬቱን ለእነሱ ይስጧቸው።

ስለ ጠርሙሱ ከሥራዬ የተነሣ አጥብቄ የምለው አለ። የጋዝ መጠጥ ጠርሙስ ብቻ ይጠቀሙ፤ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራው እሱ ነው። ሃይላንዱ፣ ጋዝ የሌለው የውሃ ጠርሙስ ማለቴ ነው፣ ስስ ስለሆነ አይሆንም። ይህን የማውቀው ደርሶብኝ ነው። በሁለተኛው ቀናችን አንድ ልጅ ሃይላንድ ይዞ መጣ፤ እኔም ዝቅ ባለ ግፊት ይሞከር ብዬ ፈቀድሁ። ማንም አጠገቡ ስላልነበረ ጉዳት አልደረሰም፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ሲፈነዳ ድምፁ ልክ እንደ ጥይት ነበር። ከማሳው ባሻገር ካለው ቤት አንዲት እናት ልጆቿን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ውስጥ ስትሮጥ አየሁ። ጦርነቱ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ተራ ድምፅ አይደለም። ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሳይፈተሽ ወደ ማሳ የወጣ ጠርሙስ የለም።

ፍተሻው ቦይለር የሚፈተሽበት መንገድ ነው። ጠርሙሱ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ በውሃ ይሞላና ከምንሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይጫንበታል፤ በ4 ባር ለሚሠራ 6 ባር ማለት ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የሚያጠራቅመው ኃይል ትንሽ ነው፤ ጠርሙሱ ቢሰነጠቅ ውሃ ያፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። አንድ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነጣ ያለ መስመር፣ እብጠት ወይም ጭረት ያለበት ይጣላል። ያለፈውም ቢሆን በተወነጨፈ ቁጥር በቀለም አንድ ሰረዝ ይደረግበታል፤ አሥር ሰረዝ የሞላውን እኛ እናሰናብተዋለን። ጠርሙሱን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫም አያድርጉበት። ይህ ፕላስቲክ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ግፊት ይዞ ፀሐይ ላይ እንዲቆይም አያድርጉ።

ለማስወንጨፊያው የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ ጎሚኒ፣ ከጎሚስታ የሚገኝ የጎማ አየር ማስገቢያ ቫልቭና ግፊት መለኪያ ያለው የብስክሌት ፓምፕ ይበቃሉ። መለኪያ የሌለውን ፓምፕ በግምት መጠቀም ግን አይገባም። ፓምፑ ከሮኬቱ ቢያንስ አሥር ሜትር በሚርቅ ላስቲክ ቱቦ ይገናኝ፤ መልቀቂያው ገመድም እንዲሁ ይርዘም። አየር ከተሞላ በኋላ ሮኬቱ ባይለቀቅ አየሩ ከፓምፑ በኩል ይተነፍሳል እንጂ ማንም ወደ ሮኬቱ አይሄድም፤ ይህን ደንብ ልጆቹ በቃላቸው እንዲሉት አደርጋለሁ። የውሃው መጠን የጠርሙሱ ሲሶ ያህል ይሁን፤ ለሁለት ሊትሩ ወደ 650 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ከዚያ ከበዛ አየሩ የሚተኛበት ቦታ ያጥራል፤ ካነሰ የሚወረወረው ነገር ያልቃል። ለልጆቹ አስቀድመው ባይነግሯቸውና በሙከራ ቢያገኙት እመርጣለሁ።

ከፍታችን የሚያመጣው ልዩነትም አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ አየራችን ስስ ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር አነስተኛ በመሆኑ ያንኑ 4 ባር ለመድረስ በባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ኮምቦልቻ ላይ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ምት ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ከዚያም ይበልጣል። ፓራሹትም ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከፌስታል የምንሠራውን ፓራሹት ወርዱን 70 ሴንቲ ሜትር እናደርገዋለን። አፍንጫው ሳይጣበቅ እንዲሁ ተደፍቶ ይቀመጥና ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ሲዘገይ ይወልቃል ተብሎ ይታሰባል፤ በእኛ ልምድ ይህ የሚሠራው ከሁለቱ አንዱን ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ይከፈታል ብለው አይተማመኑ፤ የሚወድቅበት ሜዳ ባዶ ይሁን።

ስለ ሜዳ ካነሣን ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ስለሆነች ሰፊ ለጥ ያለ ቦታ እንደሚቸግርዎ ይገባኛል። የትምህርት ቤቱ ግቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ከተከበበ አይሞክሩት። ቢቻል የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ እኛ ይምጡ፤ ኮምቦልቻ ዙሪያ ሰብሉ ተነሥቶ ገለባው ብቻ የቀረበት ማሳ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይገኛል። እዚህም የአውሮፕላን ማረፊያ ስላለ ከእሱ የራቀውን ወገን እንመርጣለን። ቀበሌውንና ፖሊስን አስቀድመን እናሳውቃለን፤ የማሳውን ባለቤት ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቃለን። ስትጠይቁ «ሮኬት» በሚለው ቃል አትጀምሩ፤ ቃሉ ለሕዝባችን የጦር መሣሪያ ስም ነው። ጠርሙሱንና ውሃውን ይዞ ሄዶ ማሳየት ይሻላል። የመጀመሪያውን ማሳ የሰጡን አዛውንት ጠርሙሱን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩና «ውሃ ብቻ ከሆነ ምን ቸገረኝ፤ እሳት ያለበት እንደሆን ግን ይኸው ክምሬ፣ አደራ» አሉን። ክምራቸው ከቆምንበት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር። ባሩድን የምቃወምበት ሌላው ምክንያት ይህ ክምር ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ከብቶች የዓመት መኖ በአንድ ፍንጣሪ ያልቃል።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። እኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምረን 4 ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሳለን፤ ፀሐይ ተራራውን ካሞቀችው በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ጥሩ ሚዛን ያለው ሮኬት ደግሞ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ስለሚያዞር በነፋስ ቀን ርቆ ይሄዳል።

ለከፍታው መለኪያ አንድ ፕሮትራክተርና እንደ ግንበኛ ቱምቢ የሚንጠለጠል ክብደት ያለው ክር ይበቃል። አንድ ልጅ ከማስወንጨፊያው በትክክል 40 ሜትር ርቆ ይቆምና ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ በፕሮትራክተሩ ጠርዝ አነጣጥሮ አንግሉን ያነብባል። ለምሳሌ 42 ዲግሪ ከሆነ ታንጀንቱ 0.9 ነው፤ በ40 ሲባዛ 36 ሜትር፣ የልጁ የዓይን ከፍታ 1.5 ሜትር ሲደመር 37.5 ሜትር ይሆናል። በአንድ ልጅ ብቻ አይተማመኑ፤ ሁለተኛ ልጅ በተቃራኒው አቅጣጫ በእኩል ርቀት ቆሞ ይለካና አማካዩ ይወሰድ፤ ነፋስ ሮኬቱን ወደ አንዱ ሲያስጠጋው ስሕተቱን በመጠኑ ያቀናዋል።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይዛው የመጣችው ሮኬት ክንፎቹ ከአሮጌ የራጅ ፊልም የተቆረጡ ነበሩ፤ ቀላል፣ የማይጎብጥ፣ ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ኮምፔንሳቶውን ትተው እሱን ይሞክሩ። በአንዱ ክንፍ ላይ የሰው እጅ አጥንት ይታይ ነበር። የወንጭፍ ሙከራውን ሦስት ጊዜ ወድቃ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከማሳው ዳር ቁጭ ብላ ጥቂት ጥቂት አሸዋ እየጨመረች በአራተኛው አለፈች። ገመዱን ስትስብ ሮኬቱ ነጭ የውሃ ጭራ ጥሎ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጫፍ ላይ ሲዞር ፀሐይዋ በፊልሙ አልፋ አብለጨለጨች። የለካነው 37.5 ሜትር የእሷን ነው፤ የዕለቱ ትልቁ አልነበረም፤ ግን ከሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነበር።

የጠርሙስ መፈተሻውንና መለኪያ ያለውን ፓምፕ ለትምህርት ቤትዎ ላውስዎ እችላለሁ። ቀኑን ከወሰኑ አንድ ሳምንት አስቀድመው ይጻፉልኝ፤ ጠርሙሶቹን ደሴ ድረስ መጥቼ ከልጆቹ ጋር እንፈትሻቸዋለን።