ስለ ኩላሊት ጠጠር ጠይቁኝ

የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጠጠር የሚያመጣው የምንጠጣው ውሃ ነው?
በአብዛኛው ችግሩ የውሃው ዓይነት ሳይሆን ማነሱ ነው። ሽንት ሲወፍር ካልሲየምና ኦክሳሌት የተባለው በምግብ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ይያያዙና ይጠጥራሉ። ጨው የሚያበዛ፣ ሥጋ የሚያዘወትር፣ ሙቀት ውስጥ የሚሠራ፣ ሪህ ወይም ስኳር ያለበት፣ ከቤተሰቡ ጠጠር የያዘው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

ካልሲየም ነው ከተባለ ወተት ላቁም?
እባክህ አታቁም! ይሄን ስሰማ በጣም ነው የማዝነው። በምግብ የምታገኘው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ወተቱን ስትተው ኦክሳሌቱ ወደ ሽንት ያልፋል። መቀነስ ያለብህ ጨውን ነው። የካልሲየም እንክብል ከሆነ ግን ሐኪምህን አማክር።

በቀን ስንት ሊትር ልጠጣ?
ከምትጠጪው ይልቅ የምትሸኚውን እዪ። በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት መውጣት አለበት። ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ ጥሩ ነው። ማታም አንድ ብርጭቆ ጠጪ፤ ሽንት በጣም የሚወፍረው ሌሊት ነው። ሎሚ ብትጨምሪበትም ይረዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን ልኩን ከሐኪሙ ይስማ።

የኔ 4 ሚሊሜትር ነው፣ የወንድሜ 22። ሁለታችንም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገናል?
ያንተ በራሱ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። በማጣሪያ ላይ ሽና፤ ጠጠሩ ሲወጣ ይመረመራል። አንድ ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ አቅቶት ኮሪደሩን ሲመላለስ አደረ። ጠዋት ማጣሪያው ላይ ያገኘነው የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነገር ነበረች።

የወንድምህ ኩላሊት ውስጥ ከሆነ፣ ከ20 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ ብዙ ጊዜ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ሰባብረው ያወጡታል። መካከለኛውን ከውጭ ጠጠር በሚሰብር ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ መምታት፣ ወይም በሽንት መውጫ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ በሌዘር መፍጨት ይቻላል። ሆድ ከፍቶ ማውጣት ዛሬ እምብዛም የለም።

ከሌዘር በኋላ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚደርስ ቱቦ ውስጤ ተትቶልኛል። ስሸና ጎኔን ይወጋኛል።
የተለመደ ነው። ስትሸና ሽንቱ በቱቦው ወደ ላይ ስለሚመለስ ነው። ትንሽ ደም ቢታይም አትደንግጥ። ቱቦው የሚወጣበትን ቀን ግን እንዳትረሳ! ወራት ያለፈው ቱቦ ራሱ ጠጠር ይይዛል። ቀኑን ስልክህ ላይ አሁን መዝግብ።

ጎኔን ካመመኝ ሁለት ቀኔ ነው። ዛሬ ብርድ ብርድ እያለኝ ያተኩሰኛል። ማስታገሻ ወስጄ ልጠብቅ?
አትጠብቂ፣ የኔ እህት። ሽንቱ ታግዶ ኢንፌክሽን ገብቶ ይሆናል፤ ይሄ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐኪሞቹ ጠጠሩን ትተው መጀመሪያ የታገደው ሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ደርሰሽ ንገሪኝ።