መልስ፦ ወፎች ዘር ሲበትኑ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ሥራው ምን ይመስላል?

ለአንድ የፍሬ ወቅት ሞቃታማ ደን ውስጥ በረዳትነት ልትገቢ ነው፤ የጠየቅሽው ደግሞ የቀኑ ውሎ ምን እንደሚመስል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት በማለዳ ስለሆነ ወፎቹ የሚያዙበት ቀጭን መረብ ቀድሞ መዘርጋት አለበት። ከዚያ ቢበዛ በየ30 ደቂቃው እየዞሩ ማየት ነው፤ መረብ ላይ የቆየ ወፍ ይጎዳል። ዝናብ ከጣለ መረቡ ወዲያው ይዘጋል።

የተያዘው ወፍ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ይመዘናል፣ እግሩ ላይ ቀለበት ይደረግለታል፣ ይለቀቃል። ዋናው ነገር ግን ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ኩስ ነው! ሐምራዊውን ዝቃጭ በውሃ አጥበሽ፣ በወንፊት አጥልለሽ፣ ከሰናፍጭ የማይበልጡ ዘሮች ትለቅሚያለሽ። ከዚያ የየትኛው ተክል እንደሆኑ መለየት አለ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔን ግን ከመረቡ ይልቅ እሱ ይጥመኛል።

እንደ ቱካን (ምንቃረ ትልቅ የአሜሪካ ሞቃታማ ደን ወፍ) ያሉት ትልልቅ ፍሬ የሚውጡ ወፎች ከፍ ብለው ስለሚውሉ ዝቅ ባለ መረብ እምብዛም አይያዙም። ለእነሱ ያፈራ ዛፍ አጠገብ ሰዓታት ቁጭ ብሎ መመዝገብ ነው። ማን መጣ፣ ስንት ዋጠ፣ ወዴት በረረ። (አንገት ያማል፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።) ትልልቁን ዘር ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ሄደው ይተፉታል። እናት ዛፉ ስር የወደቀውን ነቀዝና አይጥ ስለሚረባረቡበት፣ ራቅ ማለቱ ለዘሩ ዕድል ነው።

ከመሄድሽ በፊት የወፎቹን ድምፅ መለየት ጀምሪ። ቅጠል መሃል ከምታያቸው የምትሰሚያቸው ይበዛሉ። እርሳስም ያዢ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።