መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ሶላር ፕሮጀክት ለምን ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል?

አብሽር ወንድሜ፣ ወረፋው ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ለመገናኘት ነው፣ መስመሩ ይሸከመው እንደሆነ መጀመሪያ ይጠናል። የድሮው ደንብ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠና ስለነበር መሬት እንኳ ያልያዘው ሁሉ ገብቶ ቦታ ይይዝ ነበር፣ አንዱ ጥሎ ሲወጣ ደሞ የኋለኞቹ ጥናት እንደገና ይሰራል፣ የመስመሩ ማሻሻያ ወጪም እነሱ ላይ ይወድቅ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወረፋው ወደ 2,600 ጊጋ ዋት ደርሶ ነበር፣ አስበው ህዳሴ ግድባችን በሙሉ አቅሙ ከ5 ትንሽ ነው የሚበልጠው! በዛው ዓመት ሐምሌ የፌዴራሉ ኢነርጂ ኮሚሽን ባወጣው ትዕዛዝ ፕሮጀክቶች በቡድን ይጠናሉ፣ መሬትና ተቀማጭ ብር ያሳያሉ፣ ጥናት ያዘገየ የመስመር ባለቤትም ይቀጣል። ለኔ ቅጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ድሮ የሚጠየቀው አመልካቹ ብቻ ነበራ። ግን ወረፋ ስላስተካከልክ መስመር አይጨመርም፣ እዚህ ኮምቦልቻም ፋብሪካ ልትከል ብትል ሰብስቴሽኑ ላይ ያለው ትራንስፎርመር የሚሸከመው ልክ አለው፣ ከዛ ካለፈ አዲስ መትከል ነው።