ሞላ መቁረጥ ወይስ አክስል መቀየር? የሂሉክሱ ፊት ጉዳይ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ወንድማችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው ያለው፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት አሮጌ ሂሉክስ ፒካፕ አለው። እንደ አሜሪካኖቹ ሆት ሮድ (ባለቤቱ በራሱ መልክ እንደገና የሰራው አሮጌ መኪና) ዝቅ ብሎ፣ የፊት ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ) ወልቆ፣ ከኋላ ሰፊ ጎማ ይዞ እንዲሄድለት ይፈልጋል። «ሞላውን (ጥምዝምዙን ስፕሪንግ) ልቁረጠው ወይስ የአይሱዙ ሙሉ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) ላስገባለት? ብሬ ትንሽ ነው» ይላል።

ዋሪያ፣ አክስሉን ተወው፤ ሞላውንም ካስፈለገ በጥቂቱ ብቻ ነው የምትነካው። ፋብሪካው የሰራውን የፊት እግር እዚያው አቆየውና አድሰው። ገንዘብህን መሪና ፍሬን ላይ አውጣ። መልኩን ከካቢናው፣ ከቸርኬው (ጎማው ከሚገባበት ብረት) እና ከኋላው አምጣው። እንዲህ ያለች ፒካፕ ከጓደኞቼ ጋር ሰርቼ ድሬና ሐረር እመላለስባታለሁ፤ የምለው ከዚያ ያየሁትን ነው።

በፎቶ አይተህ የወደድከው ነገር ምን እንደሆነ ይገባኛል። ሆት ሮድ በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች በርካሽ ፎርድ የጀመሩት ነገር ነው። የፎርድ አውቶሞቢሎች እስከ 1948 ድረስ ከፊት የነበራቸው አንድ ሙሉ አክስልና በላዩ በአግድም የተጋደመ አንድ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል) ነው። ፓራፋንጎው ሲነሳ እሱ ወጥቶ ይታያል፤ ያምራልም። አንተ ግን ፎርድ የለህም። ያለህ በየጎኑ የላይና የታች ክንድ ያለው ፊት ነው። እሱም ታጥቦ፣ ዝገቱ ተፍቆ ጥቁር ቀለም ሲነካው አያሳፍርም።

የአይሱዙውን ነገር ድሬ ውስጥ የምትጠይቀው ሁሉ ይመክርሃል፤ ከቁርጥራጭ ተራ ስለማይጠፋ ነው። ኤን ፒ አር የሚባለው የአይሱዙ አክስል ጠንካራ ነው፤ ጥያቄ የለውም። ግን የጭነት መኪና ነው። ክብደቱ ለሂሉክስ ፊት ከልክ በላይ ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳ ከኋላህ ጋር አይገጥምም፣ ፍሬኑም የተሰራው ለሌላ ክብደት ነው። ደግሞ ሙሉ አክስል ማሰር ብቻውን ስራ አይደለም። የፔርኖው (ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ) ጫፍ ከላይ ወደ ኋላ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ መሪው ወደ መሃል አይመለስልህም፣ በፍጥነት ስትሄድም ይወዛወዛል። ከመሪው ሳጥን የሚወጣው ዘንግ ባሌስትራው ሲወጣና ሲወርድ የሚሄድበትን መስመር ካልተከተለ፣ ጉብታ በመታህ ቁጥር መኪናው ሳታዘው ይዞራል። ይሄን ሁሉ አስልቶ የሚበይድልህ ሰው ካገኘህ የእጅ ዋጋው በጀትህን ጨርሶት ይሄዳል። አክስሉን አግሎ ጎበጥ በማድረግ ዝቅ አደርግልሃለሁ የሚል ካለ አመስግነህ ውጣ። የተቀጠቀጠ ብረት በእሳት ሲታጠፍ ጥንካሬው ምን ላይ እንደቀረ በዓይን አታውቀውም።

አሁን ወዳለህ ነገር እንምጣ። ክሪክ አስገባ፣ ድጋፍ አድርግ፣ ስሩ ገብተህ እይ። ከታችኛው ክንድ ተነስቶ በሻንሲው (ካቢናው በላዩ የሚቀመጥበት የብረት አካል) ጎን ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ክብ ብረት ካየህ ቶርሽን ባር ነው፤ በመጠምዘዝ የሞላን ስራ ይሰራል። ይሄ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ የምትቆርጠው ነገር የለም። ከኋላው ጫፍ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን ስታላላ ፊቱ ይወርዳል፤ ጥንካሬው ግን አይቀየርም። ከመንካትህ በፊት ከቸርኬው መሃል እስከ ሻንሲው ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካና ጻፍ። ባሮቹን ካወጣህ ግራና ቀኙን አታቀያይር፤ ለየጎናቸው የተሰሩ ናቸው።

ሞላ ከሆነ ደግሞ በእሳት አይነካ። በኦክሲጅን የተቆረጠ ሞላ ሙቀቱ ውስጡን ያበላሸውና ቀስ በቀስ ይተኛል። በግራይንደር፣ ውሃ እያፈሰስክ፣ ግማሽ ዙር ቆርጠህ ግጠመውና እየው። ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከአንድ ዙር በላይ አልመክርም። ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ መግባቱንም እይ።

በሁለቱም መንገድ ልኩ አንድ ነው። መኪናው ቆሞ ክንዱ የላስቲክ ማቆሚያው ላይ ካረፈ ከልክ በላይ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ሞላህ ያ ላስቲክ ነው። የከዚራ ኮብልስቶን ላይ ጥርስህ ይነግርሃል። አሞርዛተሩንም (የሞላውን መዝለል የሚያበርደውን) አጠር ባለ ቀይር፤ የድሮው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ከስራ ውጭ ይሆናል።

ማደስ ያልኩት ቴስቲና (የክንዱ ጫፍ ኳስ መገጣጠሚያ)፣ ቦኮላ (ክንዱ የሚታሰርበት ላስቲክ) እና ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ፌሮ ከስሩ አስገብተህ ወደ ላይ ግፋው። ቴስቲናው ቀጭ ካለ ቀይረው፤ አይጠገንም። ቦኮላውን ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው የሚሰሩ ባለሙያዎች አሉ። ለካቢና ማረፊያ እሺ፣ ለታችኛው ክንድ ግን አዲስ ግዛ።

አሁን ማንም የማይሰራውን ግን ምንም የማያስወጣውን ልንገርህ። ሞላውን አውጣ ወይም ቶርሽኑን ሙሉ በሙሉ አላላ። መሪውን በገመድ እሰር። የጎማው ማሰሪያ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ በቡሎን እሰርና ክንዱን በክሪክ ቀስ እያልክ ከታች እስከ ላይ አንሳው። በየደረጃው የጣውላው የፊትና የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ። ሁለቱ ልኮች ተያይዘው ከሄዱ ጥሩ ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከወጣ፣ ባወረድክበት ከፍታ የመሪ ዘንጉ ከክንዱ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው። ትንሽ ከፍ አድርገህ እንደገና ለካ። አላይመንት ቤቱ ይሄን አያሳይህም፤ እሱ የሚለካው የቆመ መኪና ነው። ግን እዚያም መሄድህ አይቀርም፤ ቁመት በተነካ ቁጥር የጎማው አቀማመጥ ይቀየራል።

ፓራፋንጎውን ማንሳት ይቻላል፤ ሂሉክስ ሻንሲው ለብቻው ስለሆነ ጥንካሬው አይቀንስም። ሐረር ያሉትን ፔጆ 404ዎች አይተህ በእነሱ ልሞክር እንዳትል። የእነሱ አሞርዛተር ጫፉ የታሰረው ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ብረት ላይ ነው፤ እሱን ቆርጠህ ፊት አይኖርህም። ደግሞ እነዚያ ፔጆዎች እንዳሉ ይቆዩ አቦ።

ከኋላ ባሌስትራ ነው፤ ቀላል ነው። አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ከተቀመጠ በመሃላቸው ሙሉ ብረት አስገብተህ በረዘመ ቡሎን ስታስረው ይወርዳል። አክስሉ ከባሌስትራው ስር ከሆነ ግን ያው ብረት መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። ከፊት ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቁራጭ አታስገባ፤ መሪው ይጎትታል፣ ኩሽኔታውም ዕድሜ አይኖረውም።

ፍሬን ላይ አትቆጥብ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርድ ያለው ቁልቁለት ቀልድ አይደለም፤ ከ2,000 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 1,200 ነው የምትወርደው። ከኋላህ የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ጠመዝማዛ። ፊትህ ታምቡር ፍሬን ከሆነ በኋላ ከወጣው የሂሉክስ ሞዴል ዲስኩን ከነፔርኖው ፈልግ፤ ከአዲስ ቀለም በፊት እሱ ይቅደም። ያረጀ የፍሬን ዘይትም ይቀየር፤ ውሃ የጠጣ ዘይት እዚያ ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

ሞተሩ የሚሰራ ከሆነ አትንካው። ከቀየርክ ሊብሬው ላይ መግባት አለበት፤ ቦሎ ስታወጣ ቁጥሩን ያዩታል። ፓራፋንጎ ስለማንሳቱም መርማሪውን ሳትቆርጥ በፊት ጠይቅ። የተነሳውን ደግሞ አትሽጥ፤ መልሰህ ልትገጥመው ትችላለህ።

ስሩ ስትገባ ከግራ ጎማ በኩል ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍ። የታችኛው ክንድና የመሪው ዘንግ አብረው ይታዩ፤ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል ከዚያ እንነጋገራለን።